በመስተዋት ውስጥ ባለው ባሕር ስለሚነሣው አረም

ከሁለት ሳምንት በፊት በዚህ ገጽ ስለ ጓሮ ጎመን ትልና ስለ አረም በጻፍን ጊዜ፥ አንድ የተከበሩ ሰው «እናንተ የምትጽፉት በጓሮ ስለሚበቅለው አረም ነው፤ በእኔ ቤት ግን አረሙ የበቀለው በእልፍኝ ውስጥ፥ ያውም በባሕር ውስጥ ነው» ብለው ወረቀት ላኩልን። ነገሩ በመጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። ኋላ ግን ስንጠይቅ፥ እኒህ ሰው ለልጆቻቸው ማስተማሪያና ማስደሰቻ እንዲሆን ብለው የባሕር ዓሣ የሚኖርበትን የመስተዋት ሣጥን አቁመው፥ ስድስት ወር ያህል እጅግ አምሮ ከቈየ በኋላ፥ ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ነገር አሸዋውንና ድንጋዩን እንደ ሸፈነባቸው፥ ቀንድ አውጦቹም አንድ በአንድ እየሞቱ መሆናቸውን ተረዳን። «ውሃውን ሁሉ ደፍቼ ሣጥኑን ልሽጠው ወይስ ልታገሥ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እኛም ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ የመሰለ ደዌ በቤታችን ገብቶብን ነበር። በዚያን ጊዜ ያደረግነው ስሕተት ዓሣ ከማጥፋቱም በላይ፥ በልጃችን ላይ ያለ ምስክር ፍርድ እስከ መስጠት አድርሶናልና፥ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ነገር ልናውለው ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የባሕርን ፍጥረት በቤት ውስጥ አኑሮ መመልከት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1846 ዓመት አና ታይን የምትባል እንግሊዛዊት ወይዘሮ፥ ከባሕር ዳር ኮራል ወደ ለንደን አምጥታ በቤቷ ስታኖር፥ ውሃው አየር እንዲያገኝ ገረዷ በየቀኑ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ከዕቃ ወደ ዕቃ ታንቈረቍረው ነበር። ለዛሬው ነገራችን ግን ይበልጥ የሚጠቅመን ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የለንደን ኬሚስት ነው። ይህ ሰው ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችን ከውሃ ተክል ጋራ በአንድ ዕቃ አድርጎ፥ ተክሉ ለዓሣው እስትንፋስ፥ ዓሣውም ለተክሉ ምግብ እንዲሰጥ ካሰናዳ በኋላ፥ ቅጠሉ እየበሰበሰ ውሃው ደፈረሰ፤ መስተዋቱንም አረንጓዴ ልጋግ ያዘው። ዋሪንግተንም ውሃውን አልደፋም፤ ሣጥኑንም አልሸጠም። የኩሬ ቀንድ አውጦች ጨመረበት፥ እነርሱም የበሰበሰውንና ልጋጉን በልተው ውሃውን አጠሩለት። ይህንንም በ1850 ዓመት ለኬሚስቶች ማኅበር ጽፎ አስታወቀ። እንግዲህ የዓሣ ሣጥንና የአረም ጠብ ከሣጥኑ መፈጠር ጋራ አብሮ የተወለደ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ይህንንም ያነሣነው፥ አረም የታየበት ሰው ሁሉ እርሱ ብቻ የተቀሠፈ መስሎት እንዳያዝን ነው።

አረም የምንለው በሳይንስ መጻሕፍት ዋቅላሚ፥ በፈረንጆች አፍ አልጌ የሚባለው ነው። ሥርና ግንድ የለውም፤ ነገር ግን እንደ ማንኛውም ተክል በብርሃን ይኖራል፥ ምግቡም በውሃ የሟሙ ጨዎች፥ ከሁሉ ይልቅ ናይትሬትና ፎስፌት የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ደግሞ ከየት ይመጣሉ ቢሉ፥ ለዓሣው ከምንወረውረው ምግብ ነው። የተበላው ኵስ ይሆናል፤ ያልተበላው ይበሰብሳል፤ ከሁለቱም አሞንያክ ይወጣል። ይህም መርዝ በዓይን በማይታዩ ባክቴሪያዎች ሥራ መጀመሪያ ናይትሪት፥ ኋላም ናይትሬት ይሆናል። በታላቁ ባሕር ይህ ሁሉ በማይለካ ውሃ ውስጥ ይበተናል። ከመስተዋቱ ሣጥን ግን የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባው ሁሉ ሰው በእጁ እስኪያወጣው ድረስ ከዚያው ይቀመጣል።

አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ሣጥናችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ባዩ ጊዜ «ይህን ያህል ብር አውጥታችሁ በባልዲ ጨው ከፈረንጅ አገር ከምታስመጡ፥ የአፋር አሞሌ አይሻልም ወይ?» አሉን። ሐሳባቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ የአፋር ጨው በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ገብቶበት ከደረቀው ውሃ የቀረ ነውና። ነገር ግን አሞሌ አብዛኛው የገበታ ጨው ብቻ ሲሆን፥ የባሕር ውሃ ማግኒዝየምን፥ ካልስየምንና ሌሎችንም ብዙ ነገሮች በተወሰነ ሚዛን የያዘ ነው። ኮራልና ቀንድ አውጣ ቤታቸውን የሚሠሩት ከዚሁ ካልስየም ነው። ስለዚህ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል የሚገባው ተመጥኖ የተሠራው የባሕር ጨው እንጂ አሞሌ አይሆንም። ውሃውም ከቧንቧ እንደ ወረደ የሚፈስስ ሳይሆን፥ በጥሩ ማጣሪያ ያለፈ መሆን አለበት፤ የቧንቧ ውሃ ሲሊኬትና ፎስፌት ይዞ ቢገባ አረሙን ከነቀለቡ አስገባነው ማለት ነው።

አሁን አረሙን ለይቶ ወደ ማወቅ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አረም ሁሉ አንድ መስሎት፥ ለአንዱ የሚሆነውን መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል፤ መድኃኒቱም ለአንዱ ሞት፥ ለሌላው ቀለብ ሆኖ ይገኛል። በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ከሁሉ አስቀድሞ የምንጠይቀው የተከሳሹን ስም ነው፤ በዚህም ነገር እንደዚያው ነው። መልኩን፥ በእጅ ሲዳሰስ የሚሆነውን፥ የሚበዛበትን ሰዓትና የሚወደውን ቦታ መመርመር ያስፈልጋል።

ሣጥኑ በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመስተዋቱና በአሸዋው ላይ እንደ ቡና አቧራ የሚረጭ ነገር ቢታይ፥ ይህ ዲያቶም ነው። እያንዳንዱ በዓይን የማይታይ ሲሆን፥ ከሲሊካ የተሠራ የመስተዋት ቅርፊት ለብሷል። በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይለቃል፥ አይጐተትም። ስለዚህ ነገር ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በአዲሱ አሸዋና በውሃው ያለው ሲሊኬት ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ራሱ ይጠፋል። ቀንድ አውጦችም ይወዱታል።

አረንጓዴ ሆኖ እንደ ፀጉር የሚረዝመው ግን ከባድ ነው። ከዘሩ አንዱ ደርቤዝያ ይባላል። በድንጋዩ ላይ እንደ ሣር ይበቅላል፤ ሲስቡት ይበጠሳል፥ ሥር የመሰለው ግን በድንጋዩ ቀዳዳ ይቀራል። ይህ በእርግጥ የምግብ መትረፍ ምልክት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ያየነው የሚበጀው፥ ድንጋዩን በባልዲ ባለ የባሕር ውሃ ውስጥ አድርጎ በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግና በእጅ መንቀል፥ የተነቀለውንም ወደ ሣጥኑ ሳይመልሱ መጣል ነው፤ የተነቀለው አረም የበላውን ናይትሬትና ፎስፌት ይዞ ይወጣልና። ከዚያ በኋላ ውሃውን በየሳምንቱ ከዐሥር አንዱን ያህል መለወጥ፥ በበረዶ ደርቆ የሚመጣውን የዓሣ ምግብ አቅልጦ ጭማቂውን ማፍሰስ፥ የመብራቱንም ሰዓት ማሳጠር ይገባል። ፎስፌትን የሚይዝ ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ ቡናማ ጠጠርም ይሸጣል፤ እርሱ ግን ኃይለኛ ስለ ሆነ በጥቂት በጥቂቱ ይደረግ። አረሙን የሚግጡ ከብቶችም አሉ፤ ቱርቦ የሚባለው ትልቅ ቀንድ አውጣ፥ የባሕር ጃርትና፥ ጅራቱ ሥር እንደ ቀዶ ሐኪም ምላጭ ያለ እሾህ የያዘው ዓሣ ናቸው። ከዚህ ከምላጨኛው ወገን፥ ሐምራዊ ገላና ቢጫ ጅራት ያለው እጅግ የሚያምር ዓሣ በቀይ ባሕር ይገኛል፤ ነገር ግን ሰፊ መዋኛ ስለሚሻ በ200 ሊትር ሣጥን ማሰር ግፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይደረግ። አረሙ በዝቶ ሳለ ውሃው ሲለካ ናይትሬትና ፎስፌት ባዶ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ይህ ማለት ምግብ የለም ማለት አይደለም፤ አረሙ ከውሃው እየቀደመ ይበላዋል ማለት ነው። ከዚህም በቀር ለብዙ ወራት ፎስፌት የጠጣ ድንጋይ፥ ውሃው ሲጠራ የጠጣውን መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ የመለኪያው ቍጥር አንድ ምስክር ነው እንጂ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም።

ሦስተኛው በቀይና በሐምራዊ መካከል ያለ መልክ ኖሮት፥ አሸዋውን እንደ ቀጭን ምንጣፍ የሚሸፍን ነው። በቱቦ ሲስቡት እንደ ጨርቅ ተገልጦ ይወጣል፤ መጥፎ ሽታም አለው። ይህ ሲያኖባክቴሪያ ይባላል፤ በእውነቱ የባክቴሪያ ወገን እንጂ ዋቅላሚ አይደለም። ከእነዚህም አንዱ በታላቁ ባሕር የሚኖረው ትሪኮዴዝምየም ሲሆን፥ ኤረንበርግ የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1823 ዓመት በሲና በረሃ ዳር ባለችው በቶር ወደብ ባሕሩ እንደ ደም ቀልቶ ባየ ጊዜ መርምሮ ስም ያወጣለት ነው። ቀይ ባሕር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። የኤረንበርግ የመንገድ ጓደኛ ሔምፕሪሕ ግን አገሩን ሳያይ በ1825 ዓመት በምጽዋ በንዳድ ሞቶ ቀርቷል። ወደ ነገራችን እንመለስና፥ ሲያኖባክቴሪያ የሚወደው ውሃው በዝግታ የሚሄድበትንና ቆሻሻ የሚተኛበትን ጥግ ነው። ከወገኖቹ ናይትሮጅንን ከአየር መውሰድ የሚችሉ ስላሉ፥ ናይትሬትን በማሳነስ ብቻ አይሸነፍም። ምንጣፉን በቱቦ ስቦ ማውጣት፥ የፓምፑንም አፍ ወደዚያው ጥግ ማዞር ይበጃል። ኤሪትሮሚሲን የሚባለውን የሰው መድኃኒት የሚጨምሩ አሉ፤ ይገድለዋል፥ ነገር ግን ውሃውን የሚያጣሩትን ደጋግ ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ስለሚችል፥ እኛ አንመክርም።

እንደ አረንጓዴ ዕንቍ የሚያበራ ክብ ፊኛ በድንጋዩ ላይ ቢወጣ፥ ይህ ቫሎንያ ነው። የሚያስደንቀው አንዱ ፊኛ በሙሉ አንድ ሕዋስ ብቻ መሆኑ ነው። ልጆች አይተው ማፍረጥ ይወዳሉ፤ ነገር ግን ከውስጡ ዘር እንዳይበተን በማለት አሳዳጊዎች ድንጋዩን ከውሃ አውጥተው ፊኛውን ከነሥሩ ይፍቁታል። ሸርጣኖችም አሉ የሚበሉት።

አሁን የራሳችንን ነገር እንናገር። የባለቤታችን ወንድም ከባሕረ ሰላጤው አገር ሲመለስ ባለ 200 ሊትር ሣጥን፥ መብራቱንና ፓምፑን አመጣልን፤ ኋላም በነጋዴ በኩል ብርቱካን መልክ ያላቸው፥ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ዓሦችና ዐሥር ቀንድ አውጦች ተገኙ። ዓሦቹን የመመገብ ሥራ ያን ጊዜ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለነበረችው ለሴት ልጃችን ተሰጠ። ስምንት ወር ያህል ቤቱን የሚጎበኝ ሁሉ እያየ ያደንቅ ነበር።

በዘጠነኛው ወር አሸዋው ላይ ቡናማ ልጋግ ታየ። እኛም አረም የምግብ መትረፍ ነው የሚለውን አንብበን ስለ ነበር፥ ወዲያው በልጅቱ ላይ ፈረድን። «እጅሽ በዛ» አልናት። እርሷም «አባባ፥ እኔ የምሰጠው በቀን አንድ ቍንጥር ብቻ ነው፥ እማማም ታያለች» ብላ መለሰች። እኛ ግን እማማን አልጠየቅንም። የምግቡን ዕቃ ከእጇ ወስደን በመሳቢያ ቈልፈን፥ በሦስት ቀን አንድ ጊዜ እኛው እንሰጥ ጀመር። ውሃውንም በሳምንት ሦስት ጊዜ ሩብ ሩቡን እንለውጥ ነበር። ፎስፌት የሚይዘውንም ጠጠር እፍኝ ሙሉ አደረግንበት። ውሃውን ብንለካው ናይትሬትም ፎስፌትም ባዶ ሆነ፤ ይህንንም ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ በኵራት እንነግር ነበር።

ልጋጉ ግን ከዕለት ወደ ዕለት በረታ። ከድንጋዩ እንደ ንፍጥ ክር እየተንጠለጠለ በየክሩ ጫፍ የአየር እንክብል ያዘ። ቀንድ አውጦቹ በጀርባቸው እየወደቁ፥ በሦስት ሳምንት ከዐሥሩ ሰባቱ ሞቱ። ዓሦቹም ከሱ፤ ከሁለቱም ታናሹ አንድ ቀን ጧት በፓምፑ ሥር ሞቶ ተገኘ። ልጅቱ በፊታችን አላለቀሰችም። በማግሥቱ ግን ከቢሮ ስንመለስ የትምህርት ደብተሯን በጠረጴዛችን ላይ ገልጣ አስቀምጣው አገኘን። በየቀኑ ያየችውን በሰዓት በሰዓት ጽፋው ኖሯል፤ ጧት መብራቱ ሳይበራ አሸዋው ነጭ፥ በስድስት ሰዓት ቡናማ፥ በዐሥራ አንድ ሰዓት ክር ያለው፥ ሌሊት ደግሞ የጠፋ መሆኑን፤ ውሃ በተለወጠ ማግሥትም ልጋጉ እንደሚብስ ሁለት ጊዜ አስምራበት ነበር።

ባለቤታችን ደብተሩን አብራን ካነበበች በኋላ «በእርስዎ ችሎት ያለ ምስክር የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ይላል፤ በቤትዎ ግን ይግባኝ የሚባለው ለማን ነው?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

በዚያው ሳምንት ከልጋጉ ጥቂት በጠርሙስ ቀድተን፥ በሐኪም ቤት የላቦራቶሪ ሥራ ወደሚሠራ ወዳጃችን ወሰድነው። እርሱም አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፥ ምስር የመሰሉ፥ አንድ ጫፋቸው የሾለ ፍጥረቶች በዚያ በሾለው ጫፋቸው ዙሪያ እንደ እንዝርት ሲሽከረከሩ አየ። እኛንም አሳየን። ዲያቶም ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሽከረከርም። መጽሐፍ ብናገላብጥ፥ ይህ ኦስትሬኦፕሲስ የሚባለው፥ ከዲኖፍላጀላት ወገን የሆነው ነው። ቀን በአሸዋው ላይ ይሰበሰባል፤ ሌሊት አብዛኛው ወደ ውሃው ይበተናል። በውስጡም መርዝ ስላለ የበሉት ቀንድ አውጦች ይሞታሉ። ከሁሉ የከፋብን ግን ይህ ነበር፤ ይህ አረም ከሌሎቹ ይልቅ የሚበረታው ናይትሬትና ፎስፌት ባዶ በሆነበት ውሃ ነው። ምግብ ሲጠፋ ሌሎቹ ዋቅላሚዎችና ባክቴሪያዎች ተርበው ቦታቸውን ይለቃሉ፤ እርሱ ግን ብቻውን ሜዳውን ይወርሰዋል። እንግዲህ ልጅቱ በቍንጥር ስትሰጠው የነበረው ምግብ ለበሽታው ምክንያት አልነበረም፤ የእኛ ቍልፍና የእኛ ጠጠር ግን አበረታው።

ያን ዕለት ማታ የመሳቢያውን ቍልፍ ለልጃችን ሰጥተን ይቅርታ ጠየቅናት። እርሷም ቍልፉን ተቀብላ «የሞተው ዓሣስ?» አለች። ለዚህም መልስ አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ለጠያቂያችን በዝርዝር እንጽፋለን። ጠጠሩን አወጣነው። ውሃ መለወጥን ለጊዜው አቆምን። ምግቡ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ቍጥሩ ባዶ እየሆነ ስላስቸገረም፥ ለዓሣ ሣጥን ተብሎ የሚሸጠውን ናይትሬትና ፎስፌት በጠብታ እየለካን ጨመርን፥ ናይትሬት በሊትር 5 ሚሊግራም፥ ፎስፌት 0.05 ሚሊግራም እስኪደርስ ድረስ። መርዙን እንዲጠጣ የተዘጋጀ ከሰል በማጣሪያው አደረግን። ሣጥኑን በጥቍር ጨርቅ ጠቅልለን ሦስት ቀን በጨለማ አቈየነው፤ ሌሊት በውሃው የሚበተነውንም እንዲያቃጥል ውሃው በአልትራ ቫዮሌት መብራት ውስጥ እንዲያልፍ አደረግን። ይህ መብራት የሚጠቅመው በውሃ ውስጥ ለሚዋኘው ዓይነት ነው፤ ከአሸዋ የማይነሣ ሌላ ዲኖፍላጀላት ስላለ፥ ለእርሱ ገንዘቡን ማባከን ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ በማይክሮስኮፕ ማየት ግድ ነው። ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀ። በመጨረሻ በድንጋዩ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ፀጉር ሲወጣ ብናይ ሌላ ጊዜ የምናዝንበትን ያን ጊዜ ደስ አለን፤ ሌሎቹ ዋቅላሚዎች ወደ ቦታቸው መመለሳቸው ነውና።

ማይክሮስኮፕ ለማያገኝ ሰው አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ከልጋጉ በጠርሙስ ቀድቶ እጅግ መናጥ፥ ከዚያም በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልሎ፥ የወረደውን ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ ከመብራት በታች ማስቀመጥ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቈይቶ እንደ ገና ክር ሠርቶ ቢሰበሰብ፥ ነገሩ ዲኖፍላጀላት ለመሆኑ ትልቅ ምልክት ነው።

ይህን ሲያደርጉ ጓንት ማጥለቅ ይገባል። በ2005 ዓመት በጋ በኢጣልያ አገር በጄኖቫ ባሕር ዳር ኦስትሬኦፕሲስ በዝቶ ሳለ፥ ከማዕበሉ የተነሣውን ጤዛ በመተንፈስ ብቻ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች በትኩሳትና በሳል ታመው ወደ ሐኪም ሄደዋል። በተለይም አረም ያለበትን የባሕር ድንጋይ «ይንጻ» ብሎ በፈላ ውሃ መቀቀል ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። በአንዳንድ ኮራሎች ላይ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ብርቱ መርዝ ስላለ፥ በእንፋሎቱ ቤተ ሰብ በሙሉ ታሞ ሐኪም ቤት የገባበት ጊዜ አለ። ለቤት ሠራተኞችም ይህ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ድንጋይ በአመድና በፈላ ውሃ ማጠብ የለመደ ሰው በቅንነት ይህን ሊያደርግ ይችላልና።

በአዲስ አበባ ለሚኖር ደግሞ ሌላ የሚጠነቀቅበት ነገር አለ። አረም ቀን በብርሃን ኦክሲጅን ያወጣል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል፥ በጅምላ ሲሞትም ሲበሰብስ ኦክሲጅኑን ይፈጃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳር ካለው አራት እጅ ሦስቱን ያህል ነው፤ በውሃም የሚሟሟው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳር አገር የተጻፈ መጽሐፍ «ሦስት ቀን በጨለማ ይቈይ» ሲል፥ እኛ ዘንድ የውሃው ፊት ሌሊቱን ሁሉ በፓምፕ እየተናወጠ መሆን አለበት። ኤሌክትሪክ ቢጠፋ የሚሠራ ባለ ባትሪ የአየር መንፊያም በመሳቢያ ይቀመጥ። የእኛ ታናሹ ዓሣ የሞተው በመርዙ ይሁን በትንፋሽ ማጣት እስካሁን አልለየልንም።

«ውሃውን ሁሉ ልድፋው ወይ» ለሚለው ጥያቄ፥ ውሃውን መድፋት አረሙን አያጠፋም፤ በድንጋዩና በአሸዋው ይቀራልና። በግድ የሚደፋ ከሆነ ግን የት እንደሚደፋ ማሰብ ይገባል። በከተማችን የባሕር አረም በወንዝ ውሃ ስለማይኖር ይህን ያህል አያሠጋም፤ በባሕረ ሰላጤው አገርና በሌላም ባሕር ዳር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ትልቅ ነገር ነው። በ1984 ዓመት ከሞናኮ የባሕር ሙዚየም በታች፥ በባሕሩ ወለል አንድ ካሬ ሜትር ያህል ካውሌርፓ የሚባል አረንጓዴ አረም ታየ። ይህም በዓሣ ሣጥኖች ውስጥ ለጌጥ ሲተከል የኖረ፥ ብርድ የሚችል ዘር ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊነቅለው ይችል ነበር። የኒስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አሌክሳንድር ሜኔዝ ነገሩ ከባድ መሆኑን ቢጮኽም፥ ከየት መጣ በሚለው ክርክር ዓመታት አልፈው፥ አረሙ በሜዲቴራንያን ዳር በሺህ በሚቈጠር ሄክታር ላይ ተነጠፈ። በ2000 ዓመት በአሜሪካ በካሊፎርንያ በሁለት ቦታ ሲገኝ ግን፥ በዚያ ያሉት ሹማምንት ክርክሩን አላስቀደሙም። በቶሎ በላስቲክ ሸፍነው ክሎሪን እያፈሰሱበት፥ ከ7 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ አውጥተው፥ በ2006 ዓመት ጨርሶ መጥፋቱን አስታወቁ። ስለዚህ የሣጥን ውሃና የተነቀለ አረም ወደ ባሕር አይጣል፤ አረሙ ደርቆ ከቆሻሻ ጋራ ይወገድ።

የተከበሩት ጠያቂያችን በወረቀታቸው ላይ ልጋጉ በየትኛው ሰዓት እንደሚበዛ፥ የውሃውም ናይትሬትና ፎስፌት ስንት እንደ ሆነ አልጻፉልንም። ቀንድ አውጦቹ መሞታቸው ወደ ዲኖፍላጀላት ያመለክታል፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ አንፈርድም። የጠርሙሱንና የወረቀቱን ፈተና አድርገው፥ ከልጆቻቸውም አንዱ ለሦስት ቀን ጧት፥ ቀትርና ማታ ያየውን ጽፎ ቢልኩልን፥ መልሱን በዚሁ ገጽ እናወጣለን። እስከዚያ ድረስ ምግቡን አያቋርጡ።

በእኛ ቤት የቀረው አንዱ ዓሣ ዛሬም አለ፤ ባለፈው ዓመትም ጓደኛ ተገኝቶለታል። የምግቡ ቍልፍ በልጃችን እጅ ነው። ባለፈው እሑድ በደብተሯ የጻፈችው ናይትሬት 5፥ ፎስፌት 0.06፥ የውሃው ሙቀት 25፥ በምሥራቁ ጥግ ጥቂት ቀይ ምንጣፍ ታይቷል፥ ፓምፑ ዞሯል የሚል ነው።